በሥራ ላይ ባለ ስታክ አራተኛ ስዊች መጨመር፦ ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ምክራችሁን እሻለሁ

አምስተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተርና የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ሦስት ሲስኮ ካታሊስት 9300 ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በገመድ ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች) በአንድ ስታክ፣ ማለትም እንደ አንድ መሣሪያ ሆነው፣ ተያይዘው ያገለግላሉ፤ ሦስቱም ባለ 48 ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ናቸው። የካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲውና የገንዘብ መክፈያ መስኮቶቹ ሁሉ የሚሠሩት በእነዚህ ነው። አሁን አዲስ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ስለተከፈተ ትርፍ ፖርት አልቆብናል። አራተኛ ስዊች ተገዝቶ ከነካርቶኑ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጧል።

እንድሠራ የተፈቀደልኝ ቅዳሜ ሌሊት ከ6 እስከ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መክፈያ መስኮቶቹ ዝግ ናቸው፤ ድንገተኛ ክፍሉ ግን አይዘጋም፤ ሐኪሞቹ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያዩት በኮምፒውተር ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ሦስቱን ሳላጠፋና ሳላስነሳ አራተኛውን መጨመር እችላለሁ? ስታክ ከባዶ ተክዬ አውቃለሁ፤ በሚሠራ ስታክ ላይ ግን ጨምሬ አላውቅም። የአምራቹን ሰነድ አንብቤዋለሁ። በእጁ የሠራ ሰው ቢነግረኝ ግን ልቤ ያርፋል።


ሐዋሳ 24
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡51

ይቻላል። እኔ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ አንድም ተጠቃሚ አላወቀም። ዋናው ነገር አዲሱ ስዊች ኤሌክትሪክ ሳይነካው መገናኘቱ ነው። መጀመሪያ ራክ (የመሣሪያ መደርደሪያው) ላይ እሰሪው፣ የስታክ ኬብሎቹን በሁለቱም በኩል አጥብቂ፣ ከዚያ ብቻ የኃይል ገመዱን ሰኪ። ተነሥቶ ራሱ ይቀላቀላል።


የድሮ ኮንሶል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

እህቴ፣ የሐዋሳው ወንድማችን የተናገረው ልክ ነው፤ ለምን ልክ እንደሆነ ግን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በጭንቀት ሰዓት አይሳሳትም።

ከብዙ ዓመታት በፊት 3750 በሚባለው የቀድሞ የሲስኮ ስዊች ዘመን ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሦስት ስዊቾች ያሉት ስታክ ነበረው። አራተኛ አስፈለገና ከሌላ ቅርንጫፍ ተነቅሎ የመጣ ያገለገለ ስዊች ተሰጠኝ። ጤነኛ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ አስነሣሁት፤ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ደስ አለኝ። እንደበራ የስታክ ኬብሎቹን ሰካሁ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ የሦስቱ ነባር ስዊቾች መብራት በአንድ ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፋ። የማራገቢያዎቹ ድምፅ እንደ አዲስ ከፍ ሲል አሁንም በጆሮዬ አለ።

የሆነው ይህ ነው። የበራ ስዊች ለብቻውም ቢሆን ራሱን የአንድ ሰው ስታክ አድርጎ ይቆጥራል፤ የራሱ አለቃም ራሱ ነው። ከሌላ ስታክ ጋር ሲገናኝ ሁለት አለቆች ተፋጠጡ ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ ይመረጣል፤ የተሸነፈው ወገን በሙሉ ጠፍቶ ይነሣና የአሸናፊውን ማዋቀሪያ ይቀበላል። ምርጫው በቅድሚያ ፕራዮሪቲ የሚባለውን ቁጥር ያያል፤ ከ1 እስከ 15 ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 1 ሆኖ ይመጣል። የእኛዎቹን ማንም ነክቷቸው ስለማያውቅ ሁሉም 1 ነበሩ። ያ ያገለገለ ስዊች ግን በቀድሞ ቤቱ አለቃ ስለነበር 15 ተጽፎበታል። አሸነፈ። ሦስቱ ሲነሡ የሌላ ቅርንጫፍ ቪላን (የኔትወርክ ክፍፍል) እና የሌላ ቅርንጫፍ አድራሻ ይዘው ተነሡ። የእኛ ማዋቀሪያ ቅጂ በላፕቶፔ ላይ ባይኖር ኖሮ ጠዋት ምን እንደምል አላውቅም።

የጠፋ ስዊች ስታገናኚ ይህ ሁሉ የለም። ሲነሣ ሥራ ላይ ያለ አለቃ ያገኛል፤ ፕራዮሪቲው 15 ቢሆን እንኳ ነባሩን አለቃ አያወርድም፤ አባል ሆኖ ይገባል።


ከዱባይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጋሼ በተናገሩት ላይ ጥቂት ልጨምር። እኔ የምሠራው በአንድ ሆቴል ነው፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ስታክ እንነካለን። የቅዳሜው ሥራ የሚያልቀው ዓርብ በጠረጴዛሽ ላይ ነው። አዲሱን ስዊች ለብቻው፣ ከምንም ሳታገናኚ አስነሺውና በኮንሶል (ትእዛዝ በሚጻፍበት ቀጥታ ገመድ) ገብተሽ እነዚህን ተመልከቺ።

የሶፍትዌሩ እትም ከስታኩ ጋር አንድ ነው? ካልሆነ ስዊቹ ሲገባ «ቪ-ሚስማች» ብሎ ደጅ ይቆማል፤ ፖርቶቹ አይሠሩም። አዲስ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከነባሩ ከፍ ያለ እትም ይዞ ይመጣል፤ እትሙ ከፍ ማለቱ ግን አያስገባውም፤ የሚፈለገው እኩል መሆኑ ነው። ቀጥሎ አነሣሱን እዪ። ነባሮቹ በኢንስቶል ሞድ ከሆነ የሚነሡት፣ ማለትም ከፓኬጆች ዝርዝር ፋይል፣ አዲሱም እንደዚያው ይሁን። ስታኩ አዲስ አባልን በራሱ ወደ እኩል እትም የሚያመጣበት ትእዛዝ አለው፤ «ሶፍትዌር አውቶ-አፕግሬድ ኢኔብል» ይባላል፤ የሚሠራው ግን በኢንስቶል ሞድ ለተነሣ ስዊች ነው። በአንድ ነጠላ ቢን ፋይል የተነሣውን አይረዳውም። የላይሰንሱ ደረጃም አንድ መሆን አለበት፤ ኢሴንሺያልስና አድቫንቴጅ በአንድ ስታክ አይኖሩም።

አደራ ሞዴሉንም ከካርቶኑ ላይ አንብቢ። 9300 እና 9300ኤል ፊታቸው እህትማማች ይመስላል፤ የስታክ መሣሪያቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ 480 ጊጋቢት፣ ሌላው 320። አብረው አይሰለፉም። ይህን ሳያዩ ገዝተው ዕቃ የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።


አምስተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡32

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሼን ታሪክ ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ፤ እኔም መጀመሪያ አስነሥቼ ሳላጠፋው ላገናኘው አስቤ ነበርና። ካርቶኑን አየሁት፤ ኤል የለበትም። የስታክ ኬብል ጉዳይ ልጠይቅ፦ አብሮት የመጣው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። የኛ ስታክ አሁን ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3 ሆኖ ከ3 ወደ 1 የሚመለሰው ኬብል ባለ 1 ሜትር ነው። አራተኛው ከሦስተኛው ሥር ይገባል። ይበቃኛል?


ሐዋሳ 24
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50

በመካከላቸው ክፍት ቦታ ከሌለ ይበቃል። 50 ሴንቲ ሜትሩ ከ3 ወደ 4 ይሁን፣ ባለ 1 ሜትሩ ከ4 ወደ 1 ይመለስ። ራኩ ውስጥ በየመካከሉ የገመድ ማስተላለፊያ ፓናል ካለ ግን ለኪው። እየተወጠረ የሚደርስ ኬብል ደረሰ አይባልም፤ እያደር ራሱን ይነቅላል። ኬብሉ በ50 ሴንቲ፣ በ1 ሜትርና በ3 ሜትር ይሸጣል።


የድሮ ኮንሶል
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሌሊት አንድ ነገር ሳልነግርሽ መተኛቴ ከነከነኝ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ስታክ ቀለበት ነው። ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ተመልሶ ወደ 1። አራተኛውን ለማስገባት ቀለበቱን አንድ ቦታ መክፈትሽ ግድ ነው። ቀለበት አንድ ቦታ ሲከፈት መስመር ይሆናል፤ የስታኩ አቅም በግማሽ ይቀንሳል እንጂ ማንም አይቆረጥም። ይህ ሁሉ ግን ቀለበቱ አሁን ሙሉ ከሆነ ነው። ቀድሞውኑ አንድ ቦታ ተከፍቶ ማንም ሳያውቅ በግማሽ እየሠራ ከሆነ፣ አንቺ ሁለተኛውን ስትከፍቺ ስታኩ ለሁለት ይሰነጠቃል። የተገነጠለው ወገን የራሱን አለቃ ይመርጣል፤ ማዋቀሪያው ደግሞ ያው ስለሆነ ሁለት ስታኮች አንድ አይፒ አድራሻ ይዘው በአንድ ኔትወርክ ላይ ይቆማሉ። በሌሊት ይህን የመሰለ ነገር ፈትቶ ምክንያቱን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ቅዳሜን ሳትጠብቂ፣ ኮንሶል ላይ «ሾው ስዊች ስታክ-ሪንግ ስፒድ» በይ። «ፉል» ካለሽ ደኅና ነሽ። «ሀፍ» ካለሽ ምንም ነገር እንዳትነኪ፤ እዚህ ጻፊልን።


አምስተኛ ፎቅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡48

ጋሼ፣ «ሀፍ» ይላል።

የምጽፈው ቆሜ ነው። «ሾው ስዊች ስታክ-ፖርትስ» ስል የሁለተኛው ስዊች ፖርት 2 እና የሦስተኛው ስዊች ፖርት 1 ዳውን (የወደቁ) ናቸው። ማለትም በ2 እና በ3 መካከል ያለው ኬብል ሞቷል። ሦስተኛው ከስታኩ ጋር የተያያዘው ከ3 ወደ 1 በሚመለሰው በዚያ ባለ 1 ሜትር ኬብል ብቻ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ልነቅለው ያሰብኩት ደግሞ እሱን ነበር! ላቦራቶሪውና ድንገተኛ ክፍሉ ያሉት ሦስተኛው ላይ ነው።


የድሮ ኮንሶል
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡02

እንኳን አየሽው። አሁን ተረጋጊ፤ ስታኩ እየሠራ ነው፤ ለዛሬ የሚያስቸኩል ነገር የለም። የሎግ መዝገቡን ፈልጊ፤ የስታክ ፖርቱ መቼ እንደወደቀ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ወደ ራኩ ጀርባ ሂጂና የዚያን ኬብል ሁለቱን ጫፎች በዓይንሽ ብቻ ተመልከቺ። በጣትሽ የሚጠበቁት ሁለት ብሎኖች ከብረቱ ጋር ተጋጥመዋል ወይስ ክፍተት አለ? ባለ 1 ሜትሩን እንዳትነኪው፤ አሁን የስታኩ ነፍስ እሱ ነው።


አምስተኛ ፎቅ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡10

አገኘሁት። በሎጉ መሠረት የወደቀው ከአራት ወር በፊት ነው፤ ቀኑን ከሥራ መዝገባችን ጋር ሳመሳክር የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ባትሪ የተለወጠበት ዕለት ሆነ። ባትሪውን ሲያወጡና ሲያስገቡ የገመዱን እቅፍ ገፍተውት ይመስለኛል። በሦስተኛው ስዊች በኩል ያለው ራስ በአንድ ጎኑ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ ዘንበል ብሏል፤ አንዱ ብሎን በአንድ ጥርስ ብቻ ነው የያዘው። ከሩቅ ሲታይ የተሰካ ነው። አራት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እያየሁት አልፌዋለሁ።

ኃላፊዬን አስፈቅጄ በምሳ ሰዓት አስተካከልኩት። ባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ ወደ ሦስተኛው ስዊች ተጠቃሚዎች ፒንግ (መስመሩ መኖሩን የሚፈትሽ መልእክት) እያደረገ ቆሞ፣ እኔ ብሎኖቹን ፈትቼ ራሱን ቀጥ አድርጌ ገፋሁት፤ ቀጭ አለ። ሁለቱን ብሎኖች እኩል እኩል እያፈራረቅሁ አጠበቅኋቸው። አንድም ፒንግ አልጠፋም። አሁን «ፉል» ይላል።


ገመድ ዘርጊ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

ለሙያው አዲስ ነኝ፤ እየተከታተልኩ ነበር። አንድ ነገር አልገባኝም። ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው አራተኛውን ለምን በተራ ፖርት ከሦስተኛው ጋር አገናኝታ ለብቻው አታቆመውም?


ከዱባይ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡12

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ መልሱ «አዎ፣ ለብቻው ይቁም» ነው። ስዊቹ ሌላ ፎቅ ላይ የሚቀመጥ ቢሆን እኔም ያንን እመርጥ ነበር። አንድ ራክ ውስጥ ሲሆን ግን ስታክ ሁለት ነገር ይሰጥሃል። አራቱ እንደ አንድ መሣሪያ በአንድ አድራሻ ይተዳደራሉ፤ አንድ ቪላን ስትጨምር አንድ ጊዜ ነው የምትጽፈው። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ወደ ዋናው ስዊች የሚወጡትን ሁለት ፋይበሮች አንዱን ከአባል 1፣ ሌላውን ከአባል 4 አውጥተህ እንደ አንድ መስመር ታጣምራቸዋለህ። አባል 1 ቢቃጠል ሕንፃው በሌላው ፋይበር ይቀጥላል። ለብቻው የቆመ ስዊች በአንድ ገመድ ከሦስተኛው ጋር ቢታሰር ሦስተኛው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

ጣጣ ላልከው፣ ያየነው ጣጣ ከስታክነቱ የመጣ አይመስለኝም። የላላ ብሎን የትም ቢሆን የላላ ብሎን ነው።


ሐዋሳ 24
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡25

እህቴ፣ የአባል ቁጥሩን አስቀድመሽ ትወስኛለሽ ወይስ ራሱ እንዲመርጥ ትተዪዋለሽ? እኔ እተወዋለሁ፤ 1 ሆኖ ይመጣል፣ 1 ተይዟልና ክፍት ከሆኑት ትንሹን ይወስዳል፤ ያንቺው 4 ይሆናል።


የድሮ ኮንሶል
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡03

በዚህ ላይ አልስማማም። ክፍት የሆነው ትንሹ ቁጥር 4 የሚሆነው ሦስቱም በዚያች ደቂቃ በሕይወት ካሉ ነው፤ ነገሩን ለዕድል መተው አያስፈልግም። በጠረጴዛው ላይ ሳለ «ስዊች 1 ሪናምበር 4» ብላ ታስነሣው፤ ቁጥሩ የሚለወጠው ከተነሣ በኋላ ነው። ስታኩ ላይ ደግሞ በ«ፕሮቪዥን» ትእዛዝ ለአባል 4 ቦታ ትያዝለት፤ ሞዴሉን ትጻፍና የ48ቱን ፖርቶች ቪላን ዓርብ ከሰዓት ተረጋግታ ትሙላ። ቅዳሜ ሌሊት ስዊቹ ሲነሣ ማዋቀሪያው አልጋውን አንጥፎ ይጠብቀዋል። በእንቅልፍ ዓይን 48 ፖርት መጻፍ ስሕተት መጋበዝ ነው።

ፕራዮሪቲውንም አሁን አስይዢ፦ አባል 1 ላይ 15፣ አባል 2 ላይ 14፣ የቀሩት 1። የአሁኑን አለቃ አይለውጥም፤ መብራት ሄዶ ሁሉም አብረው ሲነሡ ግን ማን እንደሚመራ አስቀድሞ ይታወቃል።


ሐዋሳ 24
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡20

ስለ ፕሮቪዥኑ ረትተውኛል ጋሼ። ያንን አድርጌ አላውቅም፤ ሁለቱንም ጊዜ ፖርቶቹን በሌሊት ነው የጻፍኩት።


አምስተኛ ፎቅ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ተጠናቀቀ። ዝርዝሩን ልጻፍ።

ዓርብ አዲሱን በጠረጴዛ ላይ አስነሣሁት። እንደተባለው እትሙ ከእኛ ከፍ ያለ ነበር፤ ወደ እኛው አወረድኩት። ኢንስቶል ሞድ ነው፤ ላይሰንሱም አንድ ነው። ቁጥሩን 4 አድርጌ አስነሣሁት፤ ከዚያ አጥፍቼ የኃይል ገመዱን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩት፤ ማንም ቀድሞኝ እንዳይሰካው ነው። የስታኩን ማዋቀሪያ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፤ በላፕቶፕም ያዝኩ።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 6፡20 ላይ «ፉል» መሆኑን ሦስት ጊዜ አየሁ። ለድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ደውዬ ልጀምር መሆኑን ነገርኳት። ከዚያ ባለ 1 ሜትሩን ከሦስተኛው በኩል ነቀልኩ። ያን ጊዜ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ሀፍ» አለ፤ ፒንጉ ግን እየቆጠረ ቀጠለ። 50 ሴንቲ ሜትሩን ከ3 ወደ 4፣ ባለ 1 ሜትሩን ወደ 4 አዞርኩ፤ ብሎኖቹን በእጅ ባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ አየሁ። መጨረሻ ላይ የኃይል ገመዱን ከኪሴ አወጣሁ።

እስኪነሣ ያለው ጥበቃ ረጅም ነው፤ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፣ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ የተበላሸ መስሎት እንዳይነቅለው። «ሾው ስዊች» ስል መጀመሪያ አልነበረም፣ ከዚያ ታየ፣ ከዚያ «ሬዲ» አለ፤ ሚናው «ሜምበር»። በፊት ለፊቱ ያለውን የሞድ ቁልፍ ተጭኜ ስታክ የሚለው መብራት ላይ ሳቆም የአራተኛው ፖርት መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ቀለበቱ «ፉል»። 7፡35 ላይ ነርሷን ደውዬ ጠየቅኋት፤ «ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ።


ከዱባይ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡05

እልል ብያለሁ! አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ዩፒኤሱስ? አራቱም ለስልክና ለዋይፋይ ኃይል የሚያድሉ ከሆኑ ጭነቱን ሳታዪ እንዳትቀሪ። ባለ 715 ዋት አንድ ፓወር ሰፕላይ ያለው ባለ 48 ፖርት ስዊች ከዚያ ውስጥ 437 ዋት ያህሉን ለስልኮችና ለካሜራዎች ሊሰጥ ይችላል። ፖርቶቹ በሞሉ ቁጥር ጭነቱ ይጨምራል፤ የዛሬው ቁጥር የመጨረሻው አይደለም።


አምስተኛ ፎቅ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 5፡30

አየሁት፤ እንኳን አነሣኸው። የዩፒኤሱ ጭነት ከ58 ወደ 71 በመቶ ወጥቷል፤ የእናቶች ክፍል ስልኮች ገና አልተተከሉም። ለሁለተኛ ዩፒኤስ ጥያቄ ዛሬውኑ ጽፌያለሁ። እስኪመጣ ድረስ ግን አራተኛውን ብቻውን ወደ ግድግዳ ሶኬት ላዛውረው ወይስ ከሌሎቹ ጋር ይቆይ?


የድሮ ኮንሶል
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡12

ከሌሎቹ ጋር ይቆይ። አራተኛው አሁን የቀለበቱ አካል ነው። ግድግዳው ላይ ብትሰኪው መብራት በሄደ ቁጥር እሱ ይጠፋል፤ ቀለበቱም እሱ ባለበት ቦታ ይከፈታል። ሦስቱ በዩፒኤስ ይቀጥላሉ፤ ግን በ«ሀፍ» ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ብሎን የላላ እንደሆነ ያው የሐሙሱ ታሪክ ይመለሳል። ጭነቱ 71 ከሆነ እስከዚያው አዲስ ስልክ ባይተከል ይሻላል። ሁለተኛው ዩፒኤስ ሲመጣ አራቱን በሁለቱ አከፋፍዪ፤ አለቃውና ተጠባባቂው (አለቃው ቢወድቅ የሚተካው) በተለያየ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ከዚያ ደግሞ የመጣው ሰው ባትሪ ለውጦ ሲወጣ፣ በሩን ከመዝጋትሽ በፊት ያችን የ«ስታክ-ሪንግ ስፒድ» ትእዛዝ በያት።


አምስተኛ ፎቅ
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡25

ትእዛዟን በወረቀት ጽፌ ራኩ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፌያታለሁ ጋሼ። ከሥሯ የፈራሚና የቀን ቦታ አለ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የዛሬ ቀን «ፉል» ተብሎ ተፈርሟል።